የሬዲዮ ሞገድ ሕግና በኮምፒዩተር ውስጥ ያለው ዘበኛ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን፥ በለገጣፎ፥ የሳይንስ ክበብ አባል በሆነ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)





ዕድሜዬም ዕውቀቴም ገና አነስተኛ ሲሆን፥ በእንዲህ ያለው የበዓል ጉባዔ ፊት ቆሜ ጥቂት ቃል እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ከፍ ያለ ደስታ ይሰማኛል። የምናገርበት ነገር በዓይን አይታይም፥ በእጅም አይዳሰስም፤ ነገር ግን በዚህ ሰዓት ይህን አዳራሽ ሞልቶት ይገኛል። ይኸውም ስልኮቻችንና ኮምፒዩተሮቻችን ያለ ሽቦ የሚነጋገሩበት የሬዲዮ ሞገድ ነው። ሐሳቤ ግን ስለ ሞገዱ ብቻ ለመናገር አይደለም፤ ሞገዱ ስለሚተዳደርበት ሕግና ያንን ሕግ ማን እንደሚያስጠብቀው ለመናገር ነው እንጂ።

ጕዳዩን እንድመረምር ያደረገኝ በቤታችን የደረሰ ነገር ነው። ባለፈው ክረምት አጎቴ ከአሜሪካ ሲመጣ ለታላቅ እኅቴ ላፕቶፕ ይዞላት መጣ። ዕቃው አዲስና ውድ ነበር። ሆኖም ከቤታችን ዋይፋይ ጋር ሊገናኝ አልቻለም፤ እንዲያውም የቤታችንን ዋይፋይ ስም ከነአካቴው አያየውም። የጐረቤቶቻችንን ስም ሁሉ ዘርዝሮ ያሳያል፥ የእኛን ብቻ ይዘላል። ከመርካቶ የተገዛው የእናቴ ስልክና የእኔ አሮጌ ስልክ ግን ያለ ምንም ችግር ያዩታል። አባቴ «ከአሜሪካ የመጣ እንግዳ ስለ ሆነ ኰርቶብን ይሆናል» እያለ ይቀልድ ነበር፤ እኅቴ ግን ቀልዱ አልጣማትም። መገናኛ አካባቢ ወዳለ አንድ ጠጋኝ ወሰድነው። ጠጋኙም በውስጡ ያለውን ሶፍትዌር ሁሉ አጥፍቶ እንደ ገና ጫነና ገንዘቡን ተቀበለ። በሱቁ ውስጥ ደኅና ሠራ፤ ለገጣፎ ስንደርስ እንደ ቀድሞው ሆነ። በሁለተኛው ጊዜ ስንሄድ «ካርዱ ተቃጥሏል፥ መለወጥ አለበት» አለን።

ካርዱ አልተቃጠለም ነበር። ትምህርት ቤት ሲከፈት ነገሩን ለአይ.ሲ.ቲ. መምህራችን ባጫውታቸው፥ ጥቂት አሰብ አድርገው «የቤታችሁ ራውተር በስንተኛው ቻናል ነው የሚሠራው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ቤት ሄጄ ብመለከት በ13ኛው ቻናል ነበር። ራውተሩ ቻናሉን ራሱ እንዲመርጥ ተደርጎ የተተወ ስለ ነበረ፥ ጐረቤት ያልያዘው ባዶ ቦታ ፈልጎ በዳር ያለውን 13ኛውን ይዞ ኖሯል። ወደ 6ኛው ባዛውረው ላፕቶፑ ወዲያው አየው። ለጠጋኙ የተከፈለው ገንዘብ ግን እንደ ሄደ ቀረ።

ለመሆኑ አንድ ደኅና መሣሪያ 13ኛውን ቻናል ማየት የሚሳነው ለምንድን ነው? ዋይፋይ ከሚሠራባቸው የሞገድ ክልሎች አንዱ ከ2400 እስከ 2483.5 ሜጋኸርዝ ያለው ነው። የ1ኛው ቻናል መካከል 2412 ሜጋኸርዝ ሲሆን፥ ተከታዮቹ አምስት አምስት እየጨመሩ ሄደው 13ኛው 2472 ላይ ይውላል። አንዱ ቻናል ግን ወደ 20 ሜጋኸርዝ የሚሆን ስፋት ስለሚይዝ፥ አጠገብ ላጠገብ ያሉት ቻናሎች እርስ በርሳቸው ይደራረባሉ። ሳይነካኩ ጐን ለጐን ሊሠሩ የሚችሉት እንደ 1ኛው፥ 6ኛውና 11ኛው ያሉት ናቸው። ከ2483.5 በላይ ያለው መሬት፥ መሬት ብለው ይፈቀድልኝና፥ የሌላ አገልግሎት ነው። በአሜሪካ ያ ወሰን በጥብቅ ስለሚጠበቅ፥ ለዚያ አገር የተሠሩ መሣሪያዎች ወደ ድንበሩ ላለመጠጋት ሲሉ 12ኛውንና 13ኛውን ትተው በ11 ቻናሎች ብቻ ይሠራሉ። በኤውሮፓና በእኛ አገር 13ቱም ይሠራባቸዋል። በጃፓን 14ኛ እንኳ አለ፤ ነገር ግን ለድሮው ዓይነት ዋይፋይ ብቻ የተፈቀደ ነው። በዚህ አካባቢ የእርሻ ወሰን በአንድ ትልም ቢገፋ ምን ዓይነት ጠብ እንደሚነሣ ወላጆቻችን ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ።

የአጎቴ ላፕቶፕ እንግዲህ የአሜሪካን ሕግ በሆዱ ይዞ መጥቶ፥ እዚህ ለገጣፎም ያንኑ ሕግ ያከብር ነበር ማለት ነው። ጠጋኙ ሶፍትዌሩን ቢያጠፋና ቢጭን ምንም ያልተለወጠው፥ ሕጉ በካርዱ በራሱ ማኅደር ውስጥ ተጽፎ ስለ ነበረ ነው።

ይህን ስሰማ በጣም ተገረምሁ። ሕግ ሲባል በወረቀት ተጽፎ በዳኛና በፖሊስ የሚጠበቅ ነገር ይመስለኝ ነበርና። በእርግጥ የሬዲዮ ሕግ ቀድሞ እንዲያ ነበር። በ1920ዎቹ ዓመታት በአቃቂ የሬዲዮ ጣቢያ ሲቆም፥ ማሠራጫ ማለት ትልቅ ምሰሶ፥ ትልቅ ሕንፃና የሠለጠኑ ሠራተኞች ማለት ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሱሉልታ የሳተላይት የምድር ጣቢያ በተሠራ ጊዜም ያ ሰፊ ሳሕን ከሩቅ የሚታይ ነበር። እንዲህ ያለውን ማሠራጫ ለመቈጣጠር አንድ መሥሪያ ቤት፥ አንድ የፈቃድ ወረቀትና በበሩ ላይ አንድ ዘበኛ ይበቃሉ። ዛሬ ግን ማሠራጫው በእያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ ነው። በለገጣፎ፥ በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ በየጊዜው የሚቆሙትን ፎቆች ብትመለከቱ፥ በየአንዳንዱ ቤት ቢያንስ አንድ ራውተርና ጥቂት ስልኮች አሉ። በየበሩ ዘበኛ ሊያቆም የሚችል መንግሥት የለም።

በአገራችን የሬዲዮ ሞገድን የማስተዳደር ሥልጣን በአዋጅ ቍጥር 1148/2011 ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቷል። ከአገር ውጭ ደግሞ የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ዓለምን በሦስት ክልሎች ከፍሏታል፤ ኢትዮጵያ ከኤውሮፓና ከቀሩት የአፍሪካ አገሮች ጋር በ1ኛው ክልል፥ አሜሪካ በ2ኛው ትገኛለች። እንግዲህ ሕጉን የሚያወጡት እነዚህ ናቸው። የዕለት ተዕለት ዘበኝነቱ ግን ሊተላለፍ የቻለው ወደ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ይኸውም ወደ መሣሪያው ውስጥ።

ይህ ዘበኛ እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒዩተር ሥርዓት ቢመለከት ይሻላል፤ ምክንያቱም የውስጥ ጽሑፉ ለማንም ሰው ክፍት ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2008 ድረስ በሊኑክስ እያንዳንዱ የካርድ ነጂ ሶፍትዌር ሕጉን በየራሱ መንገድ ይይዝ ነበር፤ አንዱ ያጠብቃል፥ አንዱ ያላላል። እንዲያውም ከካርድ ሠሪዎች አንዳንዶቹ «የነጂውን ጽሑፍ ብንገልጥ ሰዎች ሕጉን ይጥሳሉ» በማለት ሥራቸውን ዘግተው ይዘው ነበር። በዚያ ዓመት ሉዊስ ሮድሪጌዝ የተባለ ባለሙያ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ሕግ የሚጠበቅበትን አንድ ማዕከላዊ ክፍል በሊኑክስ እምብርት ውስጥ ሠራ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ነጂ በአንድ ቻናል ላይ ከመናገሩ በፊት በዚህ በር ማለፍ አለበት። በሩ ላይ የሚጠየቁት ጥያቄዎች በዚህ አገር ይህ ቻናል የተፈቀደ ነውን? በስንት ኃይል? አስቀድሞ ማዳመጥ ያስፈልጋልን? የሚሉ ናቸው።

መልሱ የሚገኘው ከአንድ ሠንጠረዥ ነው። በሠንጠረዡ ላይ አገሮች በሁለት በሁለት ፊደል ተመዝግበው ይገኛሉ፤ የእኛ «ኢ ቲ» ነው። ሠንጠረዡ በመንገድ ላይ እንዳይበረዝ እንደ ማኅተም ያለ የቍጥር ፊርማ አለበት፤ ፊርማው ካልተስማማ የኮምፒዩተሩ እምብርት አልቀበልም ይላል።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን ኮምፒዩተሩ ያለበትን አገር ሳያውቅ ሲቀር የሚያደርገው ነገር ነው። ለዚህ ጊዜ «ዜሮ ዜሮ» የሚባል የዓለም ሁሉ ደንብ ተጽፎለታል። በዚህ ደንብ ከ1ኛው እስከ 11ኛው ቻናል መናገር ይችላል፤ በ12ኛው፥ በ13ኛውና ከ5000 ሜጋኸርዝ በላይ ባሉት ቻናሎች ግን ዝም ብሎ ያዳምጣል እንጂ ቀድሞ አፉን አይከፍትም። ሌላ ሰው በዚያ ቻናል ሲናገር ከሰማ፥ ያ ቻናል በዚህ አገር የተፈቀደ መሆኑን ተረድቶ እርሱም ይናገራል። ብዙ ራውተሮችም ከስማቸው ጋር የአገሩን ፊደል ጨምረው ያውጃሉ። ወደማያውቀው ለቅሶ ቤት የገባ ጨዋ ሰው መጀመሪያ ጥግ ይዞ ተቀምጦ የቤቱን ልማድ እንደሚመለከት ያለ ነው። ሁለት ምንጮች ሁለት ዓይነት ደንብ ቢነግሩት ደግሞ፥ ሁለቱም የፈቀዱትን ብቻ ይወስዳል። ካርዱ የአሜሪካን፥ ባለቤቱ የኢትዮጵያን ደንብ ቢያመለክቱት፥ ጠበብ ያለው ይጸናል ማለት ነው።

አሁን አንድ ጥፋቴን ልናዘዝ። ይህን ሁሉ ከተማርሁ በኋላ ልቤ ትንሽ አበጠብኝ። በቤታችን ጓሮ ባለው ሰርቪስ ቤት ዋይፋዩ ደካማ ስለ ሆነ፥ በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ሊኑክስ ጫንሁና ኃይለኛ ካርድ ሰካሁበት። በሠንጠረዡ ላይ ለኢትዮጵያ በዚህ ክልል የተጻፈው ወሰን 100 ሚሊዋት ነው፤ ለአሜሪካ የተጻፈው 1000 ነው። ስለዚህ ኮምፒዩተሩን በአንዲት መስመር ትእዛዝ «አንተ ያለኸው አሜሪካ ነው» አልሁት። እርሱም አመነኝ። (ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። አንድ ሰሞን በየአገሩ ያሉ ጐረምሶች ኮምፒዩተሮቻቸውን ሁሉ ቦሊቪያ ነን ያሰኟቸው ነበር፤ በሠንጠረዡ ላይ የቦሊቪያ ወሰን ከፍ ያለ ስለ ነበረ ነው። ከቦሊቪያ አንድም ሰው ሳያውቁ።)

ውጤቱስ ምን ሆነ? በሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ስልኬ የሞገዱን ምልክት ሙሉ አድርጎ አሳየኝ። ነገር ግን ገጹ ከቀድሞው ፈጥኖ አልተከፈተም። ስልኩ ኮምፒዩተሩን በደንብ ይሰማዋል፤ ኮምፒዩተሩ ግን የስልኩን አነስተኛ ድምፅ አይሰማውም። መጮኽ ለመስማት አይረዳም። በዚህ ላይ የጐረቤታችን ልጅ፥ የክፍል ጓደኛዬ ነው፥ «የእኛ ዋይፋይ ከሰሞኑ ይቈራረጣል» ብሎ ነገረኝ። ምክንያቱን ስለማውቅ ዓይኑን ማየት አፈርሁ። በእድር ስብሰባ ላይ አንዱ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሌላውም ከፍ ያደርጋል፥ በመጨረሻም ማንም ማንንም የማይሰማበት ሰዓት ይመጣል። በዚያው ቀን ማታ ኮምፒዩተሩን ወደ «ኢ ቲ» መለስሁት፤ ለሰርቪስ ቤቱም ሽቦ ዘረጋን።

የእኔ ጥፋት በአንድ ጐረቤት ላይ አቆመ። ከዚህ የከበደም አለ። ከ5250 እስከ 5725 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ዋይፋይ ከራዳሮች ጋር ይኖራል፤ ከ5600 እስከ 5650 ባለው ደግሞ ዝናብና ማዕበል የሚመለከቱ የአየር ጠባይ ራዳሮች ይሠራሉ። ስለዚህ በእነዚህ ቻናሎች መናገር የሚፈልግ ራውተር አስቀድሞ 60 ሴኮንድ ማዳመጥ አለበት፤ በኤውሮፓ ደንብ በአየር ጠባይ ራዳሮቹ ክልል 10 ደቂቃ ነው። የራዳር ምልክት ከሰማ በ10 ሴኮንድ ውስጥ ቻናሉን ለቅቆ መውጣት፥ ለ30 ደቂቃም አለመመለስ ግዴታው ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በፖርቶ ሪኮ ደሴት በሳን ኋን አውሮፕላን ማረፊያ ያለው የአየር ጠባይ ራዳር፥ በዚህ ክልል በሚሠሩ ገመድ አልባ መሣሪያዎች ምክንያት እንደ ታወከ ታውቋል። ያ ራዳር አውሮፕላን ሲያርፍና ሲነሣ የሚያጋጥመውን አደገኛ ነፋስ ለማየት የቆመ ነው። ከቦሌ የተነሣ አውሮፕላን ድምፅ በክፍላችን መስኮት ሲሰማኝ ይህ ነገር ትዝ ይለኛል።

ከዚህ በኋላ በአሜሪካ ትልቅ ክርክር ተነሣ። የዚያ አገር የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን የራውተር ሶፍትዌር እንዳይነካካ ይቈለፍ ዘንድ ጠየቀ። ጥያቄው እ.ኤ.አ. በ2015 ብዙ ሰዎችን አስቈጣ፤ ሶፍትዌሩ ከተቈለፈ የሚማርበት፥ የሚያሻሽለው፥ የደኅንነት ጕድለት ቢገኝበት የሚጠግነው ሰው አይኖርምና። ኮሚሽኑም በዚያው ዓመት ክፍት ሶፍትዌርን ለመከልከል አለማሰቡን ገለጸ። በሚቀጥለው ዓመት፥ በ2016፥ ቲፒ ሊንክ የተባለው ኩባንያ በአሜሪካ የሸጣቸው ራውተሮች የአገር ምርጫ በመለወጥ ከተፈቀደው ኃይል በላይ ሊሠሩ ይችሉ ስለ ነበረ 200,000 ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በዚያው ስምምነት ውስጥ ግን የሌሎች ሰዎች ሶፍትዌር በራውተሮቹ ላይ እንዲጫን መንገድ ለመክፈት ቃል ገባ። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ወረቀት ላይ መጻፋቸው ደስ ያሰኘኛል።

በእኔ በኩል፥ አሜሪካ ነኝ ብዬ ኮምፒዩተሬን የዋሸሁት እኔው ብሆንም፥ መቈለፉን አልደግፍም። መሣሪያው ተቈልፎ ቢሆን ኖሮ የእኅቴ ላፕቶፕ ለምን እንደ ታወረ ዛሬም አላውቅም ነበር፤ ጠጋኙም ካርዱን ለውጦ ሌላ ገንዘብ ይቀበለን ነበር። በሊኑክስ እምብርት ማዘጋጃ ውስጥ ከጥበቃዎቹ አንዳንዶቹን ለማላላት የሚያስችል አንድ ምርጫ አለ። ከምርጫው ጋር ያለው ማሳሰቢያ፥ መሣሪያው ሕግ አክባሪ ሆኖ እንዲኖር ለማድረግ ችሎታውም ፈቃዱም ከሌለህ ይህን አትንካ ይላል። ሰውን እንደ ሰው የሚያናግር ማሳሰቢያ ነው። ዋስ ጠርቶ እንደ መፈረም ያለ ይመስለኛል።

ከወላጆቻችን አንዱ፥ የሚፈርመው ሰው ሁሉ ቃሉን ይጠብቃልን? ብሎ ቢጠይቀኝ፥ አይጠብቅም ብዬ እመልሳለሁ። እኔም አልጠበቅሁም። ነገር ግን የጣስሁትን ነገር ምን እንደ ሆነ ያወቅሁት ተጽፎ ስላነበብሁት ነው።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ያ ሠንጠረዥ ከሰማይ አልወረደም። እያንዳንዱን አገር የሚመለከተውን መስመር የሚያርመው፥ የዚያን አገር የሕግ ሰነድ ጠቅሶ በኢሜይል የሚጽፍ ሰው ነው፤ የሠንጠረዡ ጠባቂም ሰነዱን አይቶ ይቀበላል። አንድ አገር ሕጉን ቢያሻሽልና ይህን የሚጽፍ ሰው ባይገኝ፥ በዚያ አገር ያሉ የሊኑክስ መሣሪያዎች የድሮውን ደንብ ይዘው ይቀጥላሉ። ወሰናቸው ከሚገባው በላይ ጠብቦ ይኖራሉ፥ ወይም ሳያውቁት የሌላውን መሬት ይረግጣሉ። ለኢትዮጵያ የተጻፈው መስመር አጭር ነው፤ ጥቂት ቍጥሮችን ብቻ የያዘ ሲሆን፥ ከ5250 ሜጋኸርዝ ጀምሮ ባለው ክፍል የራዳር ማዳመጥ ግዴታ ተጨምሮበታል። በዚህ አዳራሽ ያሉት በርካታ ስልኮች የሚሠሩት በአንድሮይድ ሲሆን፥ አንድሮይድም በሊኑክስ እምብርት ላይ የቆመ ነው።

ስለዚህ የሳይንስ ክበባችን በዚህ ዓመት አንድ ሥራ ይዟል። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ያወጣቸውን የሞገድ ሰነዶች ከዚያ መስመር ጋር ቍጥር በቍጥር እያስተያየን ነው። ልዩነት ካገኘን ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ እናዘጋጃለን፤ የእንግሊዝኛ መምህራችንም ሊያርሙልን ቃል ገብተዋል። ልዩነት ካላገኘንም ያንኑ በክበባችን መዝገብ ላይ እንጽፋለን።

ከሰዓት በኋላ የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ክፍት ይሆናል። በግቢያችን ውስጥ የትኛው ራውተር በየትኛው ቻናል እንደሚናገር በአንድ ትልቅ ስክሪን ላይ እናሳያለን። ከውጭ አገር የመጣ ላፕቶፕ ኖሯችሁ የቤታችሁን ዋይፋይ አላይ ያላችሁ ብትኖሩ፥ ወደ ጠጋኝ ከመውሰዳችሁ በፊት ይዛችሁት ኑ።